ከቃጠሎው በኋላ የበቀለው ሣር

ለአንዲት ድኩላ ስል ጎረቤቴን ፊት የነሳሁ ሰው ነኝ። የሚስቅ ካለ ይሳቅ፤ የመንደራችን ሰውም መጀመሪያ ላይ ስቋል። ባለቤቴ ዘይነብ እንኳ «እኔ ሁለተኛ ሚስት ነኝ፤ የመጀመሪያዋ ጫካ ውስጥ ናት» እያለች በሰው ፊት ታሾፍብኝ ነበር። ሳቁ የቆመው በአንድ የመጋቢት ቀን ነው። የዚያን ዕለት ከጠዋት እስከ አመሻሽ የሆነውን ነው የማጫውታችሁ።

ሰይድ እባላለሁ። ወላጆቼ በሰፈራው ጊዜ ከወሎ ወደ ኢሉባቦር የመጡ ናቸው፤ እኔ ግን የተወለድኩት ከሁሩሙ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው መንደራችን ነው። አማርኛውን ከእናቴ አፍ፣ ኦሮምኛውን ከጎረቤት ጓሮ ለቅሜ ነው ያደግኩት። ጎረቤት ስል እትዬ ዲንቂቱንና ባለቤታቸውን ጋሼ በንቲን ማለቴ ነው። አጥራችን የተያያዘ ነው። እናቴ ገበያ ስትወጣ እኔን እነሱ ዘንድ ጥላኝ ነበር የምትሄደው። እነሱ ፕሮቴስታንት፣ እኛ ሙስሊሞች ስለሆንን ሥጋ አንበላላም እንጂ ወተቱንና ማሩን ከእጃቸው ጠጥቼ ልሼ ነው ጥርስ ያወጣሁት።

ዲፕሎማዬን ይዤ ስመለስ የቀበሌያችን የደን ማህበር ባለሙያ ሆንኩ። ማህበሩ ከሚጠብቀው ደን አንደኛው ክፍል ፓቱላ የሚሉት የፈረንጅ ጥድ የተተከለበት ነው። ይሄ ጥድ ከሩቅ ሲያዩት ያምራል፤ ውስጡ ሲገቡ ግን ሰው የለቀቀው ቤት ነው። መርፌ መሳይ ቅጠሉ እየረገፈ መሬቱን እንደ ፍራሽ ይሸፍነዋል፤ ከሥሩ ሣር አይበቅል፣ ወፍ አይጮህ። በጋ ሲሆን ደግሞ ያ ፍራሽ ክብሪት የሚጠብቅ ነገር ይሆናል። አንድ ቀን እሳት ሳናስበው ተነስቶ ጫካውንም ቡናውንም ከሚበላው፣ እኛው ራሳችን አስበን፣ ጠብቀን፣ በልኩ እናቃጥለው ብዬ ማህበሩን ስጎተጉት ከረምኩ። መጀመሪያ እብድ ነው ተባልኩ። ኋላ ግን እሺ አሉኝ።

ዛፎቹን አሳሳን። ዙሪያውን እሳት እንዳይሻገር ሰፋ አድርገን ጠረግን። ነፋስ በሌለበት የጥር ጠዋት ከዳገቱ አናት ጀምረን ወደ ታች እየለኮስን ወረድን። እሳቱ ከጉልበት ከፍ ሳይል የረገፈውን ቅጠል በልቶ ጠፋ። አንድም ቡና አልተነካም፤ አንድም ቀፎ አልተቃጠለም። ያን ቀን መሬት አልበቃኝም።

ትልቁ ሥራ ግን የመጣው እሳቱ ከጠፋ በኋላ ነው። ሰው የተለበለበውን እንጨት ለከሰል ሊወስድ መጣ፤ ከለከልኩ። ቆሞ የደረቀውን ዛፍ ግንደ ቆርቁር ይፈለፍለዋል፤ በተፈለፈለው ደግሞ ሌላ ወፍ ይገባበታል አልኳቸው። የወደቀው ግንድ እዚያው ይተኛ፣ ቅርንጫፉን እየከመርን እንተወው፣ ጥንቸልና ቆቅ ይደበቁበታል አልኩ። ውሻ ይዞ መግባት ተከለከለ። ከብት ማስገባትም፣ ሣሩ ሥር ይዞ ዘር እስኪጥል ድረስ ተከለከለ። የካቲት ማለቂያ ላይ ጥቂት ዝናብ ጠብ ጠብ ሲል ያ ጥቁር መሬት አረንጓዴ ለበሰ። መጀመሪያ ቆቆች መጡ። ቀጥሎ ጉሬዛዎች ከተፈጥሮው ጫካ ጫፍ ድረስ ወርደው ያጮልቁ ጀመር። አንድ ጠዋት ቀላ ያለች ሴት ድኩላ ከነግልገሏ ብቅ አለች። በጥድ ውስጥ ድኩላ አይቼ አላውቅም ነበር። ከዚያ ወዲያ ሳላያት የዋልኩበት ቀን የለም ማለት ይቻላል።

አሁን የምነግራችሁን ነገር ግን ያኔ ልብ አላልኩትም። እሳት እንዳይሻገር ብለን የጠረግነው ዳርቻ ባዶ መሬት አልነበረም። የሣር ቦታ ነበር፤ እትዬ ዲንቂቱ አንዲቷን ላማቸውን ቦራን ከነጥጃዋ በየቀኑ የሚያስሩት እዚያ ነው። ጋሼ በንቲ ግማሽ ጎናቸው ደክሞ አልጋ ላይ ከዋሉ ወዲህ ዓይናቸውም ደክሟል፤ ጉሮሯቸው ጠጣር ነገር አይቀበልም። የሚኖሩት በወተትና በአጥሚት ነው። ወተቱ ደግሞ የቦራ ነው። እትዬ ያጠራቀሙት የበቆሎ አገዳ እስኪያልቅ ድረስ እሱን ሲያበሏት ከረሙ። መጋቢት ሲገባ አገዳው አለቀ፤ በአካባቢው ያለው ለምለም ነገር ደግሞ እኔ የዘጋሁት ሣር ብቻ ሆነ።

ከብት እንዳይገባ ስንወስን እሳቸውም ስብሰባው ላይ ነበሩ፤ ከኋላ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጠው። እኔ ፊት ቆሜ «ለአንዱ የተከፈተ በር ለሁሉም የተከፈተ ነው» እያልኩ ስደሰኩር አንድ ቃል አልተናገሩም። ዝም ማለታቸውን መስማማት ነው ብዬ ያዝኩት።

ወደዚያ ቀን ልውሰዳችሁ። በማግስቱ ከመቱ ከተማ እንግዶች ሊመጡ ነበር፤ ከቃጠሎ በኋላ የሠራነውን ሊያዩ። እኔ ድኩላዋን ላሳያቸው ቋምጫለሁ። ዘይነብ በጠዋት ወደ ሁሩሙ ገበያ ወጥታለች። ጫማዬን አጥልቄ ወደ ጥዱ ልሄድ ስል እትዬ ዲንቂቱ አጥሩ በር ላይ ቆመዋል። ነጠላቸውን አሸንፍጠው፣ በሁለት እጃቸው አንድ ጭብጥ እርጥብ ሣር ይዘው ወደ እኔ ዘርግተውታል። እንዴት አደርክ አሉኝ። እንዴት አደሩ አልኩ። «ልጄ» አሉና ዝም አሉ።

እኔ ፊታቸውን አላየሁም። ያየሁት ሣሩን ነው።

«እትዬ፣ ይሄን ከየት አጨዱት?» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። እኔም መልስ አልጠበቅኩም፤ ቸኩያለሁ፣ በዚያ ላይ ልቤ አብጧል። «ከቃጠሎው ቦታ ከሆነ፣ እርስዎም ቢሆኑ ኮሚቴ ፊት ይቀርባሉ። ነገ እንግዳ አለብኝ፤ እባክዎ አያሳፍሩኝ» አልኩ። ይሄን ያልኳቸው ያዘሉኝን ሴትዮ ነው።

ጎንበስ ብለው ሣሩን ከበሩ እግር ሥር አስቀመጡት። «እሺ ልጄ፤ ቀንህ ይቅና» ብለው ሄዱ። እኔ ደግሞ እያፏጨሁ ወደ ጫካዬ። እንዲያውም በራሴ ኮርቻለሁ፤ እናት ለምትሆነኝ ሴት እንኳ ያላዳላሁ ጎበዝ ነኝ ብዬ።

ጥዱ ውስጥ ገብቼ ከወደቀ ግንድ ጀርባ ተቀመጥኩ። ድኩላዋ ወጣች። ግልገሏ ከኋላዋ እየዘለለ ሣሩን ጫፍ ጫፉን ይቀነጥባል። ፀሐዩ ገና ለስላሳ ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ የተቀመጥኩበት ሰዓት ጥቂት ነው። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ከታች፣ ከጨፌው በኩል፣ የሴት ኡኡታ ሰማሁ።

ጨፌ የምንለው ከጥዱ በታች ያለውን ረግረግ ነው። ክረምት ላይ ውሃ ነው። በጋ ላይ ግን ከላይ ደርቆ ቄጠማው እንደ ለምለም መስክ ይመስላል፤ ሥሩ ጭቃ ነው። ከዳሩ አልፎ ከብት የሚያስገባ የለም። ይሄን ደግሞ ከማንም በላይ የሚያውቁት እትዬ ዲንቂቱ ናቸው፤ ልጅ ሆነን ወደዚያ ስንጠጋ በአለንጋ የሚመልሱን እሳቸው ነበሩ።

ስደርስ ቦራ እስከ ሆዷ ሰምጣለች። ዳር ዳሩን ሊያስግጧት ብለው አስጠግተዋት፣ ረሃብ አስጨንቋት ገመዱን ከእጃቸው መንጭቃ ወደ መሃል ገብታለች። እትዬ ተከትለዋት ገብተው እስከ ጭናቸው ጭቃ ውስጥ ናቸው። አንገቷን አቅፈው አፍንጫዋ ጭቃ እንዳይነካ ቀና አድርገው ይዘዋታል። ኡኡታቸውን ጨርሰው አሁን ለላሟ ብቻ የሚሰማ ነገር በጆሮዋ ይናገራሉ።

ሰው ተሰበሰበ። ቶሌራ መጣ፤ አብሮ አደጌ ነው፣ ማር ቆራጭ ነው። ቀፎ ሲሰቅል የሚወጣበትን ረጅም ገመድ ይዞ ነው የመጣው። በደረቷ አዙረን አሰርን፣ ተሰለፍን፣ ሳብን። ላሟ ጮኸች፤ ንቅንቅ ግን አላለችም። ደግመን ስንስብ ጭራሽ የኋላዋ ጠለቀ። ቶሌራ አቁሙ አለ፤ እንዲህ ከሆነ አንገቷን ሰብረን ነው የምናወጣት፣ ከሥሯ የምትረግጠው ነገር ካላስገባንላት አትወጣም አለ። ግንድ ያስፈልጋል። ብዙ ግንድ፣ ብዙ ቅርንጫፍ፤ ያውም አሁኑኑ።

ሁሉም ቀና ብሎ ወደ ጥዱ አየ።

«ሰይዶ፣ ያ ያስተኛኸው ግንድ» አለ ቶሌራ።

አንባቢዎቼ፣ እዚህ ላይ ያልኩትን ለመጻፍ እጄ ይከብደኛል። «ከመንገዱ ማዶ የተቆለለ ማገዶ አለ አይደል?» አልኩ። ማዶ ማለት ወጥቶ፣ ተሻግሮ፣ ተሸክሞ መመለስ ነው። ላም ጭቃ ውስጥ እየሰመጠች፣ እኔ የታየኝ ከቅርንጫፉ ክምር ሥር ያለችው ጥንቸል ናት፤ ግልገሉ ነው፤ የነገዎቹ እንግዶች ናቸው። ለአንድ ትንፋሽ ያህል ነው። ግን ብያለሁ፤ ሁሉም ሰምቶኛል።

ቶሌራ ገመዱን እንደያዘ ወደ እትዬ ዞረና፣ እንደመቆጣት አድርጎት፣ «ምነው እትዬ፣ እዚህ ከሚያስገቧት ሰይድን ቢጠይቁት ምን ነበረበት?» አላቸው።

እትዬ ፊታቸውን ከላሟ ፊት ሳያነሱ በኦሮምኛ መለሱለት። ድምፃቸው ዝግ ያለ ነው።

«ጠይቄዋለሁ። ሣር ይዤ ደጁ ሄጄ ነበር።»

እናንተ ከሌላ አገር ያላችሁ ላይገባችሁ ይችላል። በእኛ በኩል እርጥብ ሣር በእጁ ይዞ ደጅህ የመጣ ሰው የሚማጸን ሰው ነው። የተጣላ ለእርቅ ይይዘዋል፤ የተጨነቀ ለልመና ይይዘዋል። ሣር የያዘ ሰው ሲመጣ፣ ደም የተቃባህ እንኳ ቢሆን፣ ቁጭ ብለህ ትሰማዋለህ። እኔ ይሄን ከልጅነቴ አውቃለሁ። ሽማግሌዎች ሣር ይዘው ሰው ሲያስታርቁ ከጎናቸው ቆሜ አይቻለሁ። ከሁሉ የሚብሰው፣ እትዬ የያዙት ሰርዶ ነበር፤ ከራሳቸው ምንጭ ዳር፣ ላም በማያጠግብ መጠን የሚበቅለው ሰርዶ። በተቃጠለው ጥድ ውስጥ አንድም ሰርዶ የለም። እዚያ የበቀለውን እያንዳንዱን ሣር በስሙ የምጠራው እኔ፣ ሰርዶን ሰርዶ ብዬ ማየት ተሳነኝ። የተሰረቀ ሣር ነው ያየሁት። ልመናውን ስርቆት አደረግኩት።

ማንም ወደ እኔ አላየም። ቢያዩኝ ይሻለኝ ነበር። ቶሌራ መሬት መሬት እያየ ገመዱን በእጁ ይጠቀልላል።

ሮጥኩ። የመጀመሪያውን ግንድ ብቻዬን ጎትቼ ወደ ታች ስንደረደር ነው ሌሎቹ የተከተሉኝ። ከዚያ በኋላ ያ ቦታ የእኔ አልነበረም። ሰው ገባ፣ ውሾቹም ሰውን ተከትለው ገቡ። ክምሩ ሁሉ ተናደ፤ ከአንዱ ሥር ጥንቸል ፈትለክ ብላ ወጣች፣ ውሻ ተከተላት። ድኩላዋ አንዴ እንደ ውሻ ጮኻ ግልገሏን ይዛ ወደ ጫካው ስትገባ አየኋት። ሣሩ በእግርና በግንድ ተጨፈለቀ። አላዘንኩም ብል ውሸት ነው፤ ግን ማዘኔ ራሱ አናደደኝ።

ግንዱን አንዱን ካንዱ አያይዘን ጭቃው ላይ ረበረብን። ቅርንጫፉን ከሆዷ ሥር ወተፍን። እያንዳንዱ እንጨት ሲገባ ላሟ ታቃስታለች፤ እትዬ ደግሞ ዝም በይ ልጄ፣ ዝም በይ ይሏታል። ይውጡና ትንሽ ይረፉ ብንላቸው እምቢ አሉ፤ ከለቀቅኳት ተስፋ ትቆርጣለች አሉ። ፀሐዩ በረታ። ዘይነብ ከገበያ ስትመለስ ዘንቢሏን ከዳር ጥላ፣ ቀሚሷን ሰብስባ ገባችና እትዬን ከወገባቸው ደገፈቻቸው። እኔ አጠገብ ስትደርስ ቀስ ብላ «ደጃችን ላይ የተቀመጠው ሣር የማን ነው?» አለችኝ። ጎንበስ ብዬ ቅርንጫፍ ወተፍኩ። ፊቴን አይታ ነገሩ ገባት መሰለኝ ደግማ አልጠየቀችኝም።

ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል ሁለት ወፋፍራም ግንዶች ከሆዷ ሥር አሾለክን። ከአንድ ወገን በግንዱ አነሳናት፣ ከሌላው ወገን በገመድ ሳብናት። ጭቃው ለቀቃት። ቦራ እየተንሸራተተች ግንዱ ላይ፣ ከግንዱ ደረቁ መሬት ላይ ወጣች። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ አለቀስኩ፤ አላህ ማረኝ አልኩ፤ ተረፍኩ ብዬ አሰብኩ። ተመልከቱ፣ ያኔም ያሰብኩት ስለራሴ ነው።

ቦራ ግን አልተነሳችም።

በጆንያ ከሆዷ ሥር ይዘን አነሳናት፤ ስንለቃት ተመልሳ ተኛች። ቶሌራ ዳሌዋን በእጁ ዳበሳት። ደግሞ ዳበሳት። የኋላ እግሯ ከመጋጠሚያው ወጥቷል አለ፤ ስንስባት ነው ወይስ ስትፍጨረጨር፣ አላውቅም አለ። ይድናል ወይ ብለው የጠየቁት እትዬ አልነበሩም፤ እሳቸው አውቀውታል። የጠየቅኩት እኔ ነኝ።

ማጭድ ለመንኩና ወደ ጥዱ ወጣሁ። ያልተረገጠ ቦታ ፈልጌ፣ ድኩላዋ የምትግጥበትን ምርጡን ሣር አጨድኩ። በክንዴ ሙሉ ታቅፌ ወረድኩና ከቦራ አፍ ሥር አስቀመጥኩት። እትዬ ከእሱ ጥቂት አንስተው ወደ አፏ አስጠጉላት። ጥቂት አላመጠች። ከዚያ ማላመጧን ተወች፤ ሣሩ ከከንፈሯ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ትንፋሿ እየከበደ መጣ። እትዬ አናቷን ደባበሱና ቶሌራን «ልጄ፣ ነፍሷ ሳትወጣ» አሉት።

ዞር አልኩ። ሥጋውን ጎረቤት ዋጋ እየከፈለ ተከፋፍሎ ወሰደ፤ በእኛ አገር ከብቱ ለተጎዳበት ሰው የሚደረገው እንዲህ ነው። እኛ ሙስሊሞቹ በእርዱ የለንበትምና ለእኔ የቀረኝ ሥራ ከዳር ቆማ የዋለችውን ጥጃዋን ወደ ቤት መንዳት ብቻ ነበር። የማልበላው ሥጋ ሲከፋፈል ቆሜ አየሁ።

ሰው ሊበታተን ሲል እትዬ ጭቃው ላያቸው ላይ እንደደረቀ ሁላችንንም አቆሙን። በንቲ እንዳይሰማ አሉ። ቦራ መሞቷን ካወቀ የተለመነ ወተት አልጠጣም ይላል፤ እኔ ሰው ደጅ ስዞር እንዳልኖር ብሎ ጉሮሮውን ይዘጋል አሉ። ከዛሬ ጀምሮ ቦራ ለሣሩ ስለሚቀርባት እነሰይድ በረት ታድራለች ብዬ እነግረዋለሁ አሉ። ስሜን ሲጠሩ አላዩኝም። የዚያኑ ምሽት የእኛን ላም አልቤ ማሰሮውን አጥሩ ላይ አቀበልኳቸው።

በማግስቱ እንግዶቹ መጡ። የተረጋገጠ ሣርና የተበታተነ ቅርንጫፍ አሳየኋቸው። ላም ሰምጣብን ነው አልኳቸው፤ ያጋጥማል አሉ። ያን ዕለት ጠዋት ግን፣ እነሱ ከመምጣታቸው በፊት፣ ወተቱን ይዤ እነእትዬ ቤት ሄጄ ነበር። የጭቃው ብርድ ገብቷቸው አተኩሷቸዋል፤ መነሳት አቃታቸው። ራስህ አስገባለት አሉኝ።

ጋሼ በንቲ ኮቴዬን ሰምተው «ሰይዶ ነህ? ና ቅረብ» አሉ። ኩባያውን ያዝኩላቸውና ጠጡ። አፋቸውን ጠረግኩ። ደህና የሚሠራው እጃቸው ራሴን ፈለገ፤ አገኘና ጫነኝ።

«ዲንቂቱን ሣር ያስያዝኳት እኔ ነኝ» አሉኝ። «አትሄድም ብላ ነበር። ልጁን ከሥራው ጋር አላጣላውም አለች። እኔ ግን፣ ሰይድ የእኛ ልጅ ነው፣ ሣር ይዘሽ ከሄድሽ አይመልስሽም አልኳት። አልመለስካትም። ይኸው ወተቱ እንኳ ጣዕሙ ተለውጧል፤ ያ ሣር ጥሩ ሣር ነው። ላሜን እንዳጠገብክልኝ ፈጣሪ ቤትህን ያጥግብልህ። ልጆችህ ወተት አይጡ። ደጅህ የመጣ ሁሉ ደስ ብሎት ይመለስ።»

ምን ልበል? አሜን አልኩ። እትዬ ዲንቂቱ ጥግ ላይ ተኝተው ዓይናቸው ጣሪያው ላይ ነው።

በሚቀጥለውም ጠዋት መረቁኝ። በሚቀጥለውም። አንዳንዴ ለሰው ሲያወሩም እሰማ ነበር፤ ያ የሰይድ ልጅነት፣ ያ አስተዳደግ፣ እያሉ። ሊጠይቃቸው የመጣው ሰው ጨፌው ላይ ከነበሩት አንዱ ይሆንና ዓይኑን የሚያሳርፍበት ያጣል። ስድብ ይቻላል፤ እኔ ስድብ ችዬ አውቃለሁ። ይሄ ግን እየባሰብኝ ሄደ። አንድ ቀን እትዬን ውጭ ጠብቄ፣ ዛሬ ልነግራቸው ነው፣ ከዚህ በላይ አልችልም አልኳቸው።

እትዬ የያዙትን ባልዲ አስቀመጡ። ከዚያ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አዩኝ።

«ለማን እንዲቀለው ብለህ ነው?» አሉኝ። «አንተ ተናግረህ ቀሎህ ትወጣለህ። እሱ ተኝቶ ይሸከመዋል፤ እኔን ልኮ እንዳዋረደኝ፣ ላሟን እንዳስገደላት እያሰበ። እኔ ይቅር ብዬሃለሁ፤ ልጄ ነህ። ምርቃቱን ግን ቻለው።»

ባልዲያቸውን አንስተው ገቡ። እኔም ወተቱን ይዤ ተከተልኳቸው።

እንግዲህ እናንተ የምታነቡኝ፣ አውሬን አትጠብቁ ያልኩ እንዳይመስላችሁ። ዛሬም ጥዱን በየተራው ክፍል እየለየን እናቃጥላለን፤ ዛሬም ደረቁን ዛፍ እንዲቆም እንተዋለን። ግን ክብሪት ከመጫራችን በፊት ቤት ለቤት እንዞራለን፤ በዚህ ዳር ከብቱን የሚያስር ማነው እያልን። ዳርቻው ከተጠረገባቸው ሰዎች መጀመሪያ ደካማው ይጠየቃል። ሣሩ ሥር ሲይዝ ከብት ሳናስገባ በተራ እያጨድን እናካፍላለን፤ ለድኩላዎቹም ይተርፋል። ይሄ ሁሉ ያን ዓመትም ሊደረግ የሚችል ነገር ነበር። የሚያስፈልገው እኔ ከግንዱ ጀርባ ተቀምጬ ግልገል ከማይ፣ ዞር ብዬ የጎረቤቴን በረት ማየት ብቻ ነበር። ደግ ሥራ እየሠራሁ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ምን ያህል ዕውር እንደሚሆን በራሴ አየሁት። ስለዚህ ለመልካም ነገር የምትደክሙ ካላችሁ፣ ደጃችሁ ላይ የቆመውን ሰው ከእጁ በፊት ፊቱን እዩት እላችኋለሁ።

ድኩላዋ ከሳምንታት በኋላ ተመልሳለች። ሳያት ደስ ይለኛል፤ ደስ ስላለኝ ደግሞ አፍራለሁ። ስለዚህ ብዙ አልቆይም።

ጋሼ በንቲ አሁንም አሉ። ዛሬ ጠዋትም ወተቱን ይዤ ገባሁ። ድምፃቸው ከአምናው ይልቅ ቀጥኗል።

«ቦራ እንዴት አደረች?» አሉኝ።

«ደህና አድራለች፣ ጋሼ» አልኩ።

እጃቸው ወደ ላይ ተነስቶ አየር ላይ ራሴን መፈለግ ጀመረ። እንዲያገኘኝ ጎንበስ አልኩላቸው።